የኮከብ ካባና የእንፋሎት ካውያ

በሚያዝያ ወር 1977 ዓ.ም.፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አቶ አንዳርጋቸው በገዳሪፍ ገበያ መካከል ከሰል ፍለጋ ይዞሩ ነበር። በቀኝ እጃቸው ባዶ ካውያቸውን አንጠልጥለዋል፤ በግራ ብብታቸው ሥር ደግሞ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አቅፈዋል። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ያም ሆኖ ጥቅሉን ለአንድ አፍታ እንኳ ከብብታቸው ማውጣት አልፈለጉም። በኅዳር ወር ከጭልጋ ተነሥተው፣ በመተማና በገላባት በኩል በእግራቸው ሱዳን ከገቡ ወዲህ ያን ጥቅል ለማንም አደራ ሰጥተውት አያውቁም።

በዚያ ዓመት ከረሃቡ የሸሸ ሰው ሁሉ እጁ የገባውን ይዞ መጥቷል። አንዱ ድስት፣ አንዱ ቁና እህል፣ አብዛኛው ግን ልጁን ብቻ። አቶ አንዳርጋቸው የያዙት የከሰል ካውያቸውንና ይህን ጥቅል ነው። ካውያውስ ይሁን፤ በጭልጋ ገበያ አርባ ዓመት ልብስ የተኮሱበት ነው፤ እዚህም ከገበያው ጥግ በአንዲት የሣር ዳስ ሥር የነጋዴውን ረጅም ቀሚስ፣ ጀላቢያውን፣ እየተኮሱ እንጀራ ይበሉበታል። ጥቅሉ ግን በመንገድ ላይ ብዙ አስወቅሷቸዋል። «ሰው እህል ይሸከማል፤ አንዳርጋቸው ጨርቅ ይሸከማል!» ያላቸው ሰው አንድና ሁለት አይደለም።

ከሰል ከሚሸጠው ከነጋዴው ከጀማሉ ሱቅ ሲደርሱ ባለቤቱ የለም። በእሱ ፈንታ የተቀመጠችው ልጁ ራሒማ ናት። ራሒማ ወላጆቿ የጎንደር ሙስሊሞች ሲሆኑ እዚያው ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ልትጨርስ የተቃረበች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ ናት። ዓርብ በሱዳን የዕረፍት ቀን በመሆኑ ትምህርት የለም። አቶ አንዳርጋቸው የአባቷን ልብስ በየሳምንቱ ስለሚተኩሱ በደንብ ታውቃቸዋለች።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ። እርስዎ እንደምን ዋሉ፣ ዓሚ?» አለች። ዓሚ ማለቷ በሱዳኖቹ ወግ አጎቴ ማለቷ ነው። «ምን ልታዘዝ?»

«ከሰል ስጪኝ። ንጹሕ ከሰል ይሁን፤ የሚፈነጥቅ እንዳይሆን።»

«በዓርብ ደግሞ የማን ጀላቢያ ቸኮለ?»

«ጀላቢያ አይደለም። እሑድ ልጄን ኮከብን እድራለሁ። ካባዋን ልተኩስላት ነው።»

ይህን ብለው ጥቅሉን ከሱቁ ባንኮኒ ላይ ፈቱት። ጥቁር የከፋይ ካባ ነው፤ ደረቱና ጠርዙ በወርቅማ ጥልፍ የተሠራ። ራሒማ «ማሻአላህ!» ልትል አፏን ከፈተችና ቃሉ ግማሽ ላይ ቀረ። ከፋዩ አምስት ወር ታጥፎ ከርሞ በየእጥፋቱ ተሰባብሯል፤ ጠጉሩ ግማሹ ወደ ላይ ግማሹ ወደ ታች ተንጋድዷል። ከሁሉ የከፋው በጀርባው በኩል፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ያለው ቦታ ነው፤ ሁለት መዳፍ የሚያህለው ስፍራ ጠጉሩ ጨርሶ ተኝቶ ያብለጨልጫል።

«በአገራችን ከፋይን ካውያ አይነካውም» አሉ አቶ አንዳርጋቸው፣ ልጅቱ እንዳትታዘባቸው የፈለጉ ይመስል። «ይሰቀላል፤ በብሩሽ ይጠረጋል፤ በቃ። ሰቀልሁት፤ ጠረግሁት፤ እምቢ አለኝ። እንግዲህ የቀረው እሳት ነው።»

«በከሰሉ? ወላሂ ያጠፉታል!»

«እኔ ነኝ የማጠፋው? አርባ ዓመት ስተኩስ አንድ ሰው አላማረረኝም። ጉንጬን ውሃ ሞልቼ እፍ ስል ጉም ነው የሚመስለው፤ አንድ ጠብታ አይታይበትም። ያን እርጥበት የማይታዘዝ ጨርቅ የለም።»

እውነታቸውን ነው። ውሃ በአፍ ይዞ በጥርስ መካከል መርጨት በልብስ ተኳሾች ዘንድ ትልቅ ሙያ ነበር፤ አቶ አንዳርጋቸውንም በዚህ የሚደርስባቸው አልነበረም። ችግሩ ይህን ብለው ሳይጨርሱ ሳላቸው ተነሣባቸው። ከስደተኛው ሰፈር ይዟቸው የመጣ ደረቅ ሳል ነው። ባንኮኒውን ተደግፈው እስኪለቃቸው ድረስ ራሒማ ጠበቀች።

«ዓሚ፣ አይቆጡኝ» አለች ኋላ። «ትምህርት ቤት የጤና ሰዎች መጥተው አስተምረውን ነበር። የሳል በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በትንፋሽና በምራቅ ነው ብለውናል። በሰፈሩ ውስጥ ስንት ሰው በሳል እንደ ተኛ እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቃሉ። እርስዎ በአፍዎ የረጩትን ልብስ ሰው ለጨቅላ ልጁ ያለብሳል።»

«አፌን ተጸየፍሽው?»

«አልተጸየፍሁም። የአባቴን ልብስ እስከ ዛሬ አመጣልዎት የለም? ነገር ግን ያለ አፍም ያለ ከሰልም የሚሠራ ካለ ምን ይጎዳዎታል? ወንድሜ ከጅዳ የእንፋሎት ካውያ ልኮልናል። ይምጡ፤ እናቴ ቤት አለች፤ አይተው ይፍረዱ።»

አቶ አንዳርጋቸው ሊሄዱ አልፈለጉም ነበር። ግን ከሰል ሻጯም እሷው ናት፤ ካባውም ባንኮኒው ላይ ተዘርግቶ ጉዱ ታይቷል። ጠቅልለው ተከተሏት።

ቤቱ ከሱቁ በስተጀርባ ነው። የራሒማ እናት ወይዘሮ ባሕሪያ በክብር ተቀብለው ውሃ አጠጧቸው። ካውያው ወጥቶ ከጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ነጭ ነው፤ ትንሽ ነው፤ ጅራት የመሰለ ገመድ አለው። አቶ አንዳርጋቸው አዙረው አዙረው አዩትና «እሳቱ በየት ይገባል?» አሉ።

«እሳት አይገባበትም። ኤሌክትሪክ ያሞቀዋል። ውሃው ሆዱ ውስጥ ይፈላና በነዚህ ቀዳዳዎች እንፋሎት ሆኖ ይወጣል።»

«እሳት የሌለው ካውያ፣ ውሃ የሚጠጣ ካውያ! ይህ መጫወቻ ነው እንጂ የሥራ ዕቃ አይደለም።»

ወይዘሮ ባሕሪያ ነገሩ በክርክር እንደማያልቅ ስለ ገባቸው ከጓዳ አንድ ያረጀ ጥቁር የከፋይ መከዳ ልብስ አምጥተው ሰጧቸው። «ሁለታችሁም በዚህ ላይ ሞክሩ። ቢጠፋም ያረጀ ነው» አሉ። ሴትዮዋ ያን ቀን ለኮከብ የዋሉላት ውለታ ከሁሉ የሚበልጥ ነው።

አቶ አንዳርጋቸው ከሰላቸውን አቀጣጠሉ። ካውያቸውን ወዲያና ወዲህ አወዛወዙት፤ ፍሙ ነፋስ እንዲያገኝ እንዲህ ይደረጋል። ፊታቸውን ከሴቶቹ መለስ አድርገው ጉንጫቸውን ሞሉና እፍ አሉ። እንዳሉትም ጉም ወረደ። ከዚያ ካውያውን ከመከዳው ልብስ ላይ አሳርፈው አንድ ጊዜ ገፋ አደረጉት፤ አነሡትም።

ከፋዩ ላይ የካውያው መልክ ቁጭ ብሏል። ጠጉሩ ከሥሩ ተደፍጥጦ ያብለጨልጫል፤ ከጎኑ ደግሞ አንዲት ፍንጣሪ በስታ የወጣችበት የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ አለች። አቶ አንዳርጋቸው በጣታቸው ዳሰሱት። ብሩሽ አምጥተው ጠረጉት፤ አልተነሣም። ዓይናቸው ወደ ጥቅሉ ሄደ። ሱቁ ዝግ ቢሆን ኖሮ፣ ከሰሉን ከሌላ ሰው ገዝተው ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ነገር አሁን በልጃቸው ካባ ላይ ነበር።

«እሺ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያንቺን አሳዪኝ።»

ራሒማ የማሸነፍ ፈገግታ እንኳ አላሳየችም፤ ጥሩ አስተማሪ የሚሆን ሰው ከዚህ ይታወቃል። መጀመሪያ ገመዱ ከግድግዳው ሶኬት አለመሰካቱን አሳየቻቸው። «ውሃ የሚሞላው እንዲህ ተነቅሎ ሳለ ነው። ከዚህ መስመር አይለፍ።»

«ውሃውን ከጉድጓዱ ልቅዳልሽ?»

«አይሆንም ዓሚ። ይህን ይዩ።» የሻይ ማፍያውን ክዳን ከፈተችላቸው፤ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ጋግሯል። «የገዳሪፍ ጉድጓድ እንዲህ ያደርጋል። ይህ ከነዚህ ቀዳዳዎች ቢገባ ይደፍናቸዋል። ከዚያ ካውያው ነጭ ልብስ ላይ ቡናማ ውሃ ይተፋል። እኔ የማደርግበት መካኒኮች ለመኪና ባትሪ የሚገዙትን የተጣራ ውሃ ነው።»

«ትንሽ የሰንደል ሽቶ ብንጨምርበትስ? ለሙሽራ ነው።»

«ሽቶም፣ ስታርችም፣ ምንም አይገባበትም። ሽቶው ይቃጠልና ልብሱን ያጎድፋል። ሙሽራዋን ራሷን ይቀቧት።»

ወይዘሮ ባሕሪያ ሳቁ፤ አቶ አንዳርጋቸውም ትንሽ ፈታ አሉ። ራሒማ ሶኬቱን ሰካችና ካውያውን በተረከዙ አቁማ አንዲት ዙር ቁልፍ አሳየቻቸው። «ከመተኮስዎ በፊት ጨርቁ ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ናይለን ትንሽ ሙቀት ነው የሚችለው፤ ሱፍ መካከለኛ፤ ጥጥ ብዙ። ልብሱ ብዙ ከሆነ ከናይለኑ ይጀምራሉ፤ ካውያ ቶሎ ይሞቃል እንጂ ቶሎ አይበርድም። ይህች ቀይ መብራት እስክትጠፋ ይታገሡ። ሳይሞቅ እንፋሎቱን ከለቀቁት ውሃ ያንጠባጥብብዎታል።»

መብራቷ ጠፋች። «አሁን ይያዙት» አለቻቸው።

አቶ አንዳርጋቸው ያዙት። ምን ያድርጉ፤ የአርባ ዓመት እጅ ነው፤ እንደ ያዙት ፍሙ ነፋስ እንዲያገኝ ወዲያና ወዲህ አወዛወዙት! ሙቅ ውሃ በአፉ ገንፍሎ ምንጣፉንና የቀኝ እግራቸውን አለበሰው። ራሒማ ዘላ ሶኬቱን ነቀለች። አቶ አንዳርጋቸው በአንድ እግራቸው ቆመው ካውያውን ልክ እንደ ነከሳቸው ውሻ ያዩት ጀመር።

«አልነገርሁሽም? አውሬ ነው!»

«አውሬ አይደለም፤ ፍም የለውማ! ማንን ሊያቀጣጥሉ ነው የሚያወዛውዙት?» አለች ራሒማ፣ አሁን ሳቋን መቆጣጠር እያቃታት። «የከሰሉ ካውያ ካልተወዛወዘ ይሞታል። ይህ ከተወዛወዘ ይደፋል። በዚህ ብቻ ነው የሚለያዩት።»

እግራቸውን በቀዝቃዛ ውሃ አጠቡላቸው፤ ብዙ አልጎዳቸውም። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ጊዜ ካባውን አንሥቶ ይወጣ ነበር። አቶ አንዳርጋቸውን ያስቀመጣቸው ያ የመከዳ ልብስ ነው። የካውያቸው መልክ እንዳለ ተቀምጦ ያያቸው ነበር።

ራሒማ ውሃውን እንደገና ሞላች፤ መብራቷም እስክትጠፋ ጠበቁ። የመጀመሪያውን እንፋሎት በአሮጌ ጨርቅ ላይ አስወጣች፤ ቆሻሻ ካለ በዚያ ይውጣ ብላ። ከዚያ የመከዳውን ልብስ ሌላኛውን ገጽ በወፍራም ፎጣ ላይ ዘርግታ ካውያውን አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጋ ያዘችው። አስነክታ አይደለም፤ ከላዩ ላይ ብቻ። እንፋሎቱ ሹሹ እያለ ወረደ። በብሩሹ ወደ ላይ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገችው።

የተኛው ጠጉር ተነሣ።

አቶ አንዳርጋቸው ጎንበስ ብለው አዩ። ለሃያ ዓመት ሰው የተቀመጠበት መከዳ ነው፤ አሁን አዲስ ሆኖ ጥቁረቱ ጠልቋል። ያለ ክብደት፣ ያለ እሳት፣ ሳይነካው! አርባ ዓመት ሙሉ ጨርቅን የሚያቃናው ጉልበት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ያመኑበት ነገር በአንድ ትንፋሽ ሲገለበጥባቸው አልተናደዱም፤ አማተቡ። «አቤት የፈጣሪ ሥራ! ውሃ እንዲህ ያለ ኃይል አለው?» አሉ። ከአፋቸው ያወጡት የነበረው ያው ውሃ መሆኑ ከሁሉ ይበልጥ ደነቃቸው።

ካባውንም ዘረጉት። ራሒማ የወርቅማውን ጥልፍ በቀጭን የጥጥ ጨርቅ ሸፈነች፤ ያ ክር እንፋሎት በቀጥታ ሲያገኘው ይጠቁራል አለች። ከደረቱ ጀመሩ፤ ወደ ጎኖቹ ሄዱ፤ በየእጥፋቱ ያለው ስብራት እየተቃና መጣ። ወደ ጀርባው ሲደርሱ ግን አቶ አንዳርጋቸው መዳፋቸውን በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ካለው ከተኛው ስፍራ ላይ አኖሩ።

«ይህን ተዪው» አሉ።

«እንዴት እተወዋለሁ? ከሁሉ የተጎዳው እሱ ነው። ሙሽራ ስትሄድ ሰው የሚያየው ጀርባዋን ነው።»

«ተዪው ብያለሁ። ይበቃል።»

ቃላቸው ጠንከር አለባቸው። ወይዘሮ ባሕሪያ ቀና አሉ፤ ራሒማም ካውያውን በተረከዙ አቆመች። አቶ አንዳርጋቸው ፊታቸውን ከካባው ሳያነሡ ተናገሩ።

«የሚስቴ ራስ ያረፈበት ነው። መተማ ለመድረስ የአንድ ቀን መንገድ ሲቀረን ደብሪቱ ደከመች። ይህን አጥፌ ከራስጌዋ አደረግሁላት። ሁለት ቀን ተኛችበት። በሦስተኛው ጠዋት ከሥሯ ሳወጣው እንዲህ ሆኖ ነበር። መቃብሯ ምልክት የለውም፤ ብመለስም አላገኘውም። እኔ ያለኝ ምልክት ይህ ብቻ ነው። ይህን በእንፋሎት አጥፍቼ ምን ይዤ ልቀር ነው?»

በመጽሐፍ የተማረ ሰው ለዚህ የሚሆን መልስ በመጽሐፍ አያገኝም። ራሒማ ከወንበሩ ላይ ተቀመጠችና በአክብሮት ጠየቀቻቸው።

«ዓሚ፣ ካባውን ከቤት ያወጣው ማን ነው?»

«እሷ ናት። እኔማ እህል እንጨምር ብዬ ነበር።»

«ለምን አወጡት?»

«ኮከብ በሰው አገር ብታገባ እናት እንደሌላት እንዳትሆን ብላ።» ቃሉ ከአፋቸው እንደ ወጣ እሳቸውም ሰሙት።

«እንግዲያው እሳቸው የላኩት ለኮከብ ነው፤ እርስዎ አድራሽ ነዎት» አለች ራሒማ። «ሲሰናዱ ያሰቡት ካባ ደግሞ ይህ የተሰበረው አልነበረም፤ የሚያምረው ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፤ አይዘኑብኝ። ላብ የያዘ ከፋይ ታጥፎ ከተቀመጠ ብል ይገባበታል። ምልክቱን ላቆይ ብለው ቢተዉት በሚመጣው ክረምት የሚያገኙት ቀዳዳ ነው።»

ወይዘሮ ባሕሪያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አቶ አንዳርጋቸው መዳፋቸውን ቀስ ብለው ከካባው አነሡ።

«እኔው ልሥራው» አሉ።

ካውያውን ያዙ። አላወዛወዙትም። አንድ ጣት ከፍ አድርገው እንፋሎቱን ለቀቁት። መጀመሪያ የመንገድ አቧራ ሸተተ፤ ቀጥሎ የእንጨት ጭስ። ከዚያ ሳያስቡት ቅቤ ሸተተ፤ ደብሪቱ በዓል በመጣ ቁጥር ጠጉሯን የምትቀባው፣ አደስ የገባበት ቅቤ። ክፍሉን ሞላው። ሴቶቹም አሸተቱት። አቶ አንዳርጋቸው በረጅሙ ተነፈሱ። አልቅሰው እንደሆነ በእንፋሎቱ መካከል አይታወቅም ነበር። ሽታው ጥቂት ቆየና ሄደ። ብሩሹን አንሥተው ወደ ላይ ሳብ አደረጉ፤ ተኝቶ የነበረው ጠጉር ሁሉ ቆመ።

ራሒማ የቀረውን ትምህርት ጨረሰችላቸው። ሶኬቱ ይነቀላል፤ ውሃው ካውያው ሳይበርድ ይደፋል፤ ገመዱ ግን እስኪበርድ አይጠቀለልበትም። ካባው እርጥበቱ እስኪወጣ ተሰቅሎ ይደር እንጂ አይታጠፍ። አቶ አንዳርጋቸው አንዱንም አልዘነጉ።

እሑድ በጀማሉ ግቢ ሰርጉ ሲሆን ድግሱ የችግር ጊዜ ድግስ ነበር። ኮከብ ግን ካባውን ደርባ ስትወጣ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ከሾዋክ ከተማ በኩል የመጡ ያለምወርቅ የሚባሉ አሮጊት ወደ አቶ አንዳርጋቸው ጠጋ ብለው «በዚህ ዘመን አዲስ ካባ ከየት ተገኘ?» ብለው ጠየቁ።

«አዲስ አይደለም፤ የእናቷ ነው» አሉ አቶ አንዳርጋቸው፤ ከዚያም ማስረዳት ጀመሩ። እንፋሎት ጨርቁን ሳይደፈጥጥ እንደሚያቃና፣ ጥላሸትና ፍንጣሪ እንደሌለው፣ የተኳሹ ሳልም ከለባሹ እንደማይደርስ፣ ልብስም ዕድሜው እንደሚረዝም፣ ውሃው የጉድጓድ መሆን እንደሌለበት። ሙሽራው ስለሺ አማቱን ለመሳም ቆሞ እስኪጠብቅ ድረስ አላቆሙም። ያለምወርቅ ሁሉንም ሰምተው «እኔም አንዲት ጥቅል አለችኝ» አሉ። «ከመጣሁ ወዲህ አልፈታኋትም።»

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ወይዘሮ ባሕሪያ አቶ አንዳርጋቸው በካውያቸው እንዲሠሩ ፈቀዱ፤ ራሒማም ከትምህርት ስትመለስ ታግዛለች። አቶ አንዳርጋቸው ውሃ በአፋቸው መርጨቱን ከዚያ ቀን ወዲህ ትተዋል። ከየሰፈሩ ሴቶች ጥቅላቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር፤ ማየቱን ስለፈሩ አምስትና ስድስት ወር ሳይፈቱት የከረመ ጥቅል። አቶ አንዳርጋቸው እያንዳንዷን ሁለት ጥያቄ ይጠይቋታል። «ጨርቁ ምንድን ነው?» ይላሉ፤ ይህን ለካውያው ሲሉ ነው። ቀጥለው «የማን ነበር?» ይላሉ። ይህን ራሒማ አላስተማረቻቸውም።

ያለምወርቅ ተራቸው ሲደርስ ቋጠሮውን ራሳቸው ፈቱ። አንዲት የልጅ ሸሚዝ ናት።

«ፖፕሊን ነው» አሉ፤ ከዚያ አንገትጌዋን እያቃኑ፣ «የታምሬ ነው፤ የልጅ ልጄ» አሉ። ስለ ታምሬም ይናገሩ ጀመር፤ ሲስቅ እንዴት እንደነበረ፣ ምን መብላት ይወድ እንደነበር። ሸሚዟ በጣም ትንሽ ስለሆነች ሥራዋ ወዲያው የሚያልቅ ነበር። አቶ አንዳርጋቸው ግን ሴትዮዋ ተናግረው እስኪጨርሱ ድረስ አንዱን እጅጌ ደጋግመው ተኮሱት።